ከአምቡሊ ሥር የወጡ ድንጋዮች

ፀዳል ጅቡቲ ገብታ የያዘችው ሥራ ገመድ መሳብ ነበር። ባሏ ዋለልኝ በአምቡሊ ወንዝ ዳር ባሉት የአትክልት ቦታዎች የውሃ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ እሷ ከላይ ሆና አፈር የሞላውን ባልዲ ትጎትታለች። አምቡሊ ወንዝ ይባል እንጂ ከዓመት እስከ ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ውሃው ያለው ከሥር ነው።

ከጉድጓድ የሚወጣ አፈር ተደባልቆ አይደፋም። ደለሉን አትክልተኛው ለመደቡ ይፈልገዋል፤ አሸዋውና ጠጠሩ ለግንብ ይሆናል። ስለዚህ ፀዳል የአፈሩ መልክ በተለወጠ ቁጥር አዲስ ክምር ትጀምራለች። ውሃ እስኪገኝ ድረስ ክምሮቹ በጉድጓዱ አፍ ዙሪያ በተራ ይሰለፋሉ። ዋለልኝ የሚያየው አፍንጫው ሥር ያለውን ግድግዳ ብቻ ነው። ተራውን ሙሉ የምታየው እሷ ነበረች።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2001 ዘይድ የሚባል የጂኦግራፊ አስተማሪ በዚያ ሲያልፍ ክምሮቹን አይቶ ቆመ። የጅቡቲ ሰው ነው፤ ድሬዳዋ ስላደገ ግን አማርኛ አይቸግረውም።

«እህቴ፣ ማነው እንዲህ ያሰለፈው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ። ምን አጠፋሁ?»

«ኧረ ምንም! እኔ ዓመት ሙሉ ለፍልፌ የማላስረዳውን አንቺ በባልዲ አወጣሽው።»

ቁጭ ብሎ ከጉድጓዱ ግርጌ ከወጣው ክምር ጀመረ። በውስጡ የዛጎል ስብርባሪ ነበረበት፤ ባሕሩ በጥንት ዘመን እዚህ ድረስ ይገባ ነበር አላት። ቀጥሎ ያለው ጥቁር ጭቃ ዝናብ የጠገበ ዘመን ያስቀረው ነው፤ ያኔ ወንዙ የሚነሣበት ተራራ ሣር ለብሶ ውሃው ቀስ ብሎ ይወርድ ነበር። ከዚያ ዝናቡ ሸሸ። የተራቆተውን ተራራ አልፎ አልፎ የሚመጣ ዶፍ ይግጠው ጀመር፤ ከጭቃው በላይ ካለው የወጡት ክምሮችም አሸዋና ድንጋይ ብቻ ሆኑ። የሰው ራስ የሚያክሉ ድንጋዮች ያሉባቸው ሦስት ክምሮች ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እነዚህ ሦስት ጎርፎች ናቸው። ዝግ ያለ ውሃ ጭቃ እንጂ ድንጋይ አይሸከምም። ይህን ያንከባለለ ውሃ ቤት ይዞ ይሄዳል።»

«የላይኛው መቼ የመጣ ነው?»

«አያትሽ ሳትወለድ ይመስለኛል።»

«ተመልሶ ይመጣል?»

«መምጣቱን ይመጣል። ቀኑን ግን የሚያውቅ የለም። የዛሬ ዓመት ሊሆን ይችላል፤ የልጅ ልጆችሽም ላያዩት ይችላሉ።»

የፀዳልና የዋለልኝ ክፍል ከዚያ ጉድጓድ ሠላሳ እርምጃ አይርቅም ነበር። ለዋለልኝ ስትነግረው ሳቀባት።

«አምስት ዓመት እዚህ ስኖር ቁርጭምጭሚቴን ያረጠበ ውሃ አላየሁም። አስተማሪ ወሬ መቼ ያጣል?»

«እኔ ወሬውን አይደለም፣ ድንጋዩን ነው የፈራሁት።»

ዓመት ሙሉ ስትጨቀጭቀው ከረመች። በመጨረሻ ታከተውና ወደ ከፍታው፣ ወደ ሃያብለ ለመውጣት እሺ አላት፤ ግን አስማላት። «ስለ ጎርፍ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ። አትክልተኞቹ በመሬታችን ላይ አሟረተችበት ካሉ ጉድጓድ የሚያስቆፍረኝ አይኖርም።» እሷም ማለች።

ክፍሉን የተረከበችው ጎመንና ቲማቲም የምትቸረችር ማይሙና የምትባል የሐረር ሴት ነበረች፤ ሱሪያ ከምትባል የአራት ዓመት ልጇ ጋር ገባች።

«ይህን የመሰለ ጥላ ትታችሁ እዚያ ቋጥኝ ላይ ምን ልትሆኑ ነው?» አለች ማይሙና እየሳቀች።

«ነፋስ ፈልጌ ነው» አለች ፀዳል።

ሁለት ዓመት ዝናብ የሚባል አልመጣም። ዋለልኝ በየቀኑ ከሃያብለ ወደ ሥራው በእግሩ እየወረደ፣ ሲመለስ ያሾፍባታል። «እሜቴ፣ ጎርፍሽ መንገድ ጠፋው እንዴ?» እሷም ውላ አድራ በራሷ ታፍር ጀመር። ለማይሙና ልትነግራት ሦስት ጊዜ ሄዳለች። ሦስቱንም ጊዜ ሱሪያ ጭኗ ላይ እየዘለለች ሻይ ጠጣች፤ ሰማዩን አየች፤ ቁራጭ ደመና የለበትም። ሳትነግራት ተመለሰች።

በፈረንጆቹ 2004፣ በሚያዝያ ወር አንድ ሌሊት ውሃው መጣ። ፀዳልና ባሏ ጠዋት ሲወርዱ የማይሙና ክፍል ጣሪያ የለውም፤ ግድግዳውን እስከ ወገቡ ድንጋይና ደለል ውጦታል። ማይሙናን የሰፈሩ ሰዎች ዛፍ ላይ አግኝተው አውርደዋት ነበር። ሱሪያን ውሃው ከእጇ ላይ ነው የወሰደባት። ዋለልኝ ከሰፈሩ ወንዶች ጋር ሦስት ቀን ቆፈረ። ልጅቷ አልተገኘችም።

በአራተኛው ቀን ፀዳል ለቅሶ ልትደርስ ከባሏ ጋር ሄደች። ሴቶቹ «እናንተንስ አላህ ወዷችሁ ነው ቀድሞ ያወጣችሁ» አሏቸው። ዋለልኝ መሐላዋን እንድታስታውስ የሚስቱን ክንድ ጨበጥ አደረገ። ፀዳል ግን ማይሙና ፊት ተንበረከከች።

«አላህ አይደለም ማይሙና። አውቅ ነበር። ክፍሉን ሳስረክብሽ አውቅ ነበር።»

ማይሙና አልጮኸችም። «ብትነግሪኝ እስቅብሽ ነበር» አለች። «ምናልባት አልወጣም ነበር። ግን ያ የእኔ ውሳኔ ነበር፤ አንቺ ልትወስኚልኝ አይገባም ነበር።» ከዚያ ፊቷን አዞረች።

ወሬው በአትክልተኞቹ ዘንድ ተዳረሰ። ከዚያ ወዲህ ዋለልኝን ለጉድጓድ ሥራ የሚጠራ ጠፋ፤ ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር አንድ ቪላ በር ላይ ዘበኛ ሆነ። አንድም ቀን አልወቀሳትም፤ ቢወቅሳት ይቀላት ነበር። ፀዳል ማይሙናን ገበያ ስታገኛት እጅ ነስታ ሰላም ትላታለች። ማይሙናም ሰላምታዋን ትመልሳለች፤ ቆማ ግን አታውቅም።