መስቀል የማይሰጥበት ሳምንት

ዘንድሮ በሕማማት ረቡዕ አሁን በምኖርበት ሰፈር ቤተ ክርስቲያን ደጅ አንዲት ሴት አየሁ። የመድኃኒት ፌስታል ይዛለች፤ ከሐኪም ቤት በቀጥታ የመጣች ትመስላለች። አንድ ቄስ ሲያልፉ ፈጠን ብላ መስቀል ልትሳለም ጎንበስ አለች። ቄሱ ግን እጃቸውን ወደ ጋቢያቸው ከተቱ። "በዚህ ሳምንት አይሰጥም፣ ልጄ" አሏት በዝግታ፣ አለፉም። ሴትየዋ ግራ እንደተጋባች፣ እንደጎነበሰች ቀረች። እኔ ጉልበቴ አልቆም ካለኝ ቆይቷልና ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነበር። ያን ጎንበስ ማለት ሳይ ከጅጅጋ ወዲያ ያለችው ቀብሪበያ መጣችብኝ።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ የጽሕፈት መኪና ተምሬ፣ ቀብሪበያ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ነበር። ብርቄ ደግሞ ከጎጃም የመጣች አስተማሪ ናት። ሁለታችንም ኤዶ ሀዋ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው፤ እሷም አክስት ሆነችልን። ጠዋት ጠዋት ቅመም የበዛበት ሻይ ትልክልናለች፤ ብርቄን "መዓሊማ" ትላታለች፣ አስተማሪዬ እንደማለት።

ቀብሪበያ ቄስ አልነበረም። ስንችል በሚኒባስ፣ ሳንችል በጭነት መኪና ጅጅጋ ሄደን እናስቀድሳለን። የዚያ አጥቢያ ቄስ አባ ገብሬ ይባላሉ። ስብከታቸው ከየትም ቢነሳ የሚያርፈው ቀራንዮ ላይ ነው። ሠርግ ላይ ስለ ቃና ጀምረው ችንካሩ ጋ ይደርሳሉ። በልደት ከግርግሙ እንጨት ወደ መስቀሉ እንጨት ይሻገራሉ። ብርቄ መንገድ ላይ ድምፃቸውን እያስመሰለች ታስቀኝ ነበር። አርፍጄ የገባሁ ቀን "አባ ቀራንዮ ሳይደርሱ ደረስሽ?" ትለኛለች።

የዚያ ዓመት ሁዳዴ ሊያልቅ ሲል ብርቄ ታመመች። የወፍ በሽታ ነው ተባለ። ዓይኗ ቢጫ ሆነ፣ ሆዷ ተነፋ። የጤና ጣቢያው ሰው ግሉኮስ ሰቀለላትና ወደ ትልቅ ሐኪም ቤት ውሰዷት አለ፤ ዝናቡ ጀምሮ ስለነበር ወደ ሐረር የሚያወጣ መኪና እስኪገኝ ብለን ስንጠብቅ፣ መንቀሳቀስ የማትችልበት ደረጃ ደረሰች። ኤዶ ሀዋ የግመል ወተት ይዛ ትገባለች፤ ብርቄ ጾም ነው እያለች ትመልሳለች። ለታመመ ይፈቀዳል ብዬ ብለምናትም እንቢ አለች። ኤዶ ብርጭቆውን ይዛ ትወጣና፣ ጥቂት ቆይታ እንደገና ይዛው ትመጣለች።

በሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ የመሥሪያ ቤታችን መኪና ጅጅጋ ይሄድ ነበር፤ ለእኔም ቦታ ነበር። ልወጣ ስል ብርቄ ጠራችኝ።

"ስትመለሺ አባን ይዘሽልኝ ነይ። መስቀል ልሳለም።"

"ምን አጣደፈሽ?" አልኳት። "የነገ ሳምንት ፋሲካ ነው። ያኔ ራስሽ በእግርሽ ገብተሽ ትሳለሚያለሽ።"

ጅጅጋ ሎሚና ስኳር ገዛሁላት። በቤተ ክርስቲያኑ በር አልፌያለሁ። አልገባሁም። ቄስ መጥራት ሞቷን መቀበል መሰለኝ። ዛሬ ስጽፈው ምክንያት ይመስላል፤ ያን ጊዜ ግን መሸሽ ነበር።

ሰኞ ባሰባት። እኔም ሎሚ ስጨምቅ ድንገት የሳምንቱ ሥርዓት ትዝ አለኝ። በሕማማት መስቀል አይሰጥም። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነገር ነው። ቅዳሜ ስነግራት ግን ጨርሶ አላሰብኩትም።

ሐሙስ መኪና አግኝቼ ሄድኩ። አባ ገብሬ የእግር አጠባውን ሥርዓት ሊጀምሩ ነበር። እስክጨርስ ሰሙኝና መሬት መሬት አዩ። "ቅዳሜ ብትመጪ ኖሮ" አላሉኝም፤ ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር። ነገ ከስግደት በኋላ እመጣለሁ፣ መስቀል ግን ይዤ መምጣት አልችልም አሉኝ። ብቻዬን ተመለስኩ።

ዓርብ ሙሉ ቀን የመኪና ድምፅ ስናዳምጥ ዋልን። ኤዶ ሀዋ የብርቄን እግር በሞቀ ውሃ እያበሰች፣ ምን እንደምንጠብቅ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። የስቅለት ቀን መሆኑንም ጨምሬ ነገርኳት። ወደ ብርቄ ዞረች፤ ኢየሱስን ዒሳ ነው የምትለው።

"መዓሊማ፣ ይሄ ዒሳ ሌላ ሥራ የለውም? እናንተ ሁልጊዜ ሞተ፣ ሞተ። እኛ ጋ አልተሰቀለም። ወደ ላይ ተወሰደ። ለእናቱም ይሄ ይሻላል።"

ብርቄ የተኛች መስሎኝ ነበር። ዓይኗን ሳትገልጥ፣ "ይሻላል፣ ኤዶ" አለች። "እኔ ግን ልሞት ነው። ያልሞተ ምን ይነግረኛል?"

ኤዶ ጨርቁን ጨምቃ ማበሷን ቀጠለች።

አባ የደረሱት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፣ ፍየል በጫነ መኪና። ቀኑን ሙሉ ሲሰግዱ ስለዋሉ በሩን ሲያልፉ ግድግዳ ያዙ። ብርቄ ቀና ለማለት ሞከረችና አቃታት። መጀመሪያ ያየችው እጃቸውን ነው።

"መስቀሉስ?"

አባ ሁለት ባዶ መዳፋቸውን አሳዩዋት። "ዛሬ እኔ ጋ የለም፣ ልጄ። ዛሬ ጌታ ራሱ መስቀሉ ላይ ነው ያለው።"

ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጠው ነገሩን ከመጀመሪያው ነገሯት። በዚያ በምናውቀው የስብከት ድምፅ አልነበረም። ስለ ችንካሩ ብዙም አላሉ። ከመስቀሉ ሥር ስለቆሙት ሴቶች አወሩ፤ ማውረድ እንዳልቻሉ፣ ውሃ እንኳ ማቀበል እንዳልቻሉ፣ ቆመው ከማየት በቀር ምንም እንዳላደረጉ። ኤዶ ሀዋም በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ሲጨርሱ ብርቄ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ተጽናንታ ይሁን ተቀይማ አላወቅኩም፤ እስከ ዛሬም አላውቅም።

አባ በመጡበት መኪና ተመለሱ። ብርቄ ቅዳሜ ጠዋት አረፈች። ጅጅጋ ወስደን ቀበርናት። በዚያ ሳምንት ፍትሐት ስለማይደረግ ሥርዓቱ አጭር ነበር። አባ ወደ ጎን ወስደውኝ፣ በሕማማት ለሚሞቱ ሁሉ የፍትሐቱ ጸሎት አስቀድሞ በሆሳዕና እንደሚደረስ ነገሩኝ። "ለእሷም ደርሷል" አሉኝ። እኔ በሆሳዕና ጠዋት ቤት ሆኜ ልብስ ሳጥብ ነበር።

እናቷ ደብዳቤ አስጽፈው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መስቀል ተሳልማ እንደሆነ። ወረቀቱን የጽሕፈት መኪናው ላይ አስገባሁ። "አባ መጥተው አብረዋት ነበሩ" ብዬ ጻፍኩ። እውነት ነው። ሌላ አልጨመርኩም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰባኪ ሰምቻለሁ። ስለ ቀራንዮ ሲጀምሩ ሰው ለመዳኑ ያለቅሳል፤ እኔ ከሥር የቆሙትን ነው የማስበው።

ዘንድሮ ያየኋት ሴት በመጨረሻ ቀና ብላ፣ "መቼ ነው ታዲያ የሚሰጡት፣ እማማ?" አለችኝ። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ያን ቅዳሜ ለብርቄ ያልኳት አንዲት ቃል ናት። አፌ ላይ ደረሰች፣ ከዚያ አላለፈችም። ፌስታሏን አየሁ። ምርኩዜን ይዤ ተነሳሁና፣ ጉልበቴ እስከቻለ ድረስ አጠገቧ ቆምኩ።