ከቆጮው ላይ ያነሳኋቸው ድንጋዮች

ቡታጅራ ውስጥ ብረት ማንሳት ያማረው ጎረምሳ ሁሉ አንድ ቀን ሲሚንቶ ማቡካቱ አይቀርም። እኔም አቡክቻለሁ። ሁለት የቀለም ቆርቆሮ ሞልቼ በውሃ ቧንቧ ጫፍና ጫፍ ላይ ተከልኩና ጓሯችን ውስጥ ጂም ከፈትኩ። አባሉ እኔ፣ አሰልጣኙ ስልኬ።

ችግሩ፣ ቆርቆሮ አያድግም። መጀመሪያ አምስት ጊዜ ለማንሳት ስንገዳገድ የነበርኩት ሰውዬ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ሃያ ጊዜ አንስቼም ላብ አይወጣኝም። ቀስ ብዬ አወረድኩት፣ ደረቴ ላይ አቁሜ እስከ አምስት ቆጠርኩ፤ ስልኩ ግን "ክብደት ጨምር" ከማለት አልተመለሰም። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ አዲስ አበባ፣ ግድግዳው ሁሉ መስታወት በሆነ ጂም ነው የሚሠራው። አንዴ ሊጠይቀን መጥቶ ቧንቧዬን በአንድ እጁ ብድግ አደረገና፣ "ይሄ ስፖርት ነው ወይስ የውሃ መስመር ልትዘረጋ ነው?" ብሎ ቤተሰቡን አሳቀብኝ። በጣም ተናደድኩ። ለአረፋ ሲመጣ ላሳየው ለራሴ ማልኩ።

ከጓሯችን እንሰት አጠገብ የእናቴ የቆጮ ጉድጓድ አለ። ያን ጊዜ ለአረፋ የሚሆነው ቆጮ በቅጠል ተሸፍኖ፣ አየር እንዳይገባው ድንጋይ ተጭኖበት እየተብላላ ነበር። የእናቴን ቆጮ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ልጁን የሚድር ሰው እንኳ እሷን ሳያማክር ጉድጓድ አያስከፍትም። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ የመረጠቻቸው እሷ ናት፤ ጠፍጣፋ፣ ክብደታቸው የተቀራረበ። እኔ ያየሁት ግን የጎደለኝን ኪሎ ነው። አራቱን አንስቼ በማዳበሪያ ከረጢት ቋጠርኩና በቧንቧው ጫፎች ላይ አንጠለጠልኳቸው።

ለአንድ ሰዓት ብቻ ብዬ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሠርቼ ስጨርስ እመልሳቸው ነበር። ከዚያ መቋጠርና መፍታቱ ሰለቸኝና ቅጠሉ ላይ ሁለት ጡብ ጣል አድርጌ ተውኩት። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ጓሮ ብዙ አትወጣም። የበልጉ ዝናብ ገባ። እኔ ከረጢቱ ላይ ድንጋይ እየጨመርኩ፣ ክንዴን በየቀኑ በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ። ጉድጓዱ ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ማንም እንዳያውቅብኝ ጡቦቹን አንስቼ የእናቴን ድንጋዮች አንድም ሳላጎድል በየቦታቸው መለስኳቸው። እስካሁን ከሁሉ በላይ የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው።

ሊያግዟት የመጡት ጎረቤቶች ቅጠሉን ሲገልጡ፣ አንዷ በሻሿ አፍንጫዋን ያዘች። ቆጮው ጠቁሮ ውሃ አዝሏል።

"ወላሂ እንደ ሁልጊዜው ነው የጫንኩት" አለች እናቴ፣ እጆቿን እያየች።

"ዕድሜ ነው እቴ፣ ምን ታደርጊዋለሽ" አሏት።

አጠገባቸው ቆሜ ነበር። "እኔ ነኝ" ለማለት አፌን ከፈትኩ፣ ግን ሴቶቹ ፊት መዋረዱን ፈራሁ። እሷ ተዋረደች። ያን ሁሉ ክብደት የተሸከምኩ ሰው ሁለት ቃል ከበደኝ።

ለአረፋ የእንሴኖ ገበያ ቆጮ ቀረበ። ወንድሜ አንድ ጉርሻ እንደቀመሰ ቀና ብሎ እናቴን አያት፤ እሷ አቀረቀረች። እንግዳው ሁሉ ነገሩ ስለገባው እጁን ከማዕዱ ሰበሰበ። ወንድሜም ወሬ ለመለወጥ ይመስለኛል፣ ወደ እኔ ዞሮ ክንዴን ጨበጥ አደረገና፣ "እናንተ፣ ይሄ ልጅ እኮ በረታ!" አለ። ሁሉም አጨበጨቡልኝ። እናቴም አጨበጨበች።

ይሄ ከሆነ ሦስት ዓመቱ ነው፤ አሁንም አልነገርኳትም። ጉድጓድ ባስከፈተች ቁጥር ከቆጮው ቆንጠር አድርጋ ታመጣልኛለች። "እስቲ አሽትትልኝ፤ የራሴን አፍንጫ አላምነውም" ትለኛለች።

"ጥሩ ነው፣ እማ" እላታለሁ።

"አላህ ይባርክህ ልጄ" ብላኝ ትመለሳለች።