ቆሞ የሚበር ባጃጅ

የልጅ ልጄ ቴፒ ውስጥ ባጃጅ ትነዳለች። እንጀራዋ ከዚያ ነው። አንድ ቀን ለሰዓሊ ሰጥታ ጀርባው ላይ የእሽቅድምድም መኪና አሳለች።

እኔ ከመኪናው በፊት ያየሁት ዙሪያውን የተሳሉትን ዛፎች ነው። የእኛው የቡና ጥላ ዛፎች ናቸው፤ ግን ግንዳቸው ወደ ጎን ተጎትቶ አረንጓዴ ጭረት ሆኗል። የመኪናው ጎማዎች እንደ እንቁላል ሞላላ ሆነው ወደ ፊት አዘንብለዋል። ውስጣቸው ከመሃል ወደ ዳር የሚዘረጋ ዘንግ የለም፤ ግራጫ ጭጋግ ብቻ።

«ዘንጎቹን የት ጣልካቸው?» አልኩት ሰዓሊውን።

«እማማ፣ የሚሮጥ ጎማ ዘንጉ አይታይም። ዘንጉን ከሳልኩት መኪናው ይቆማል።»

ወደድኩለት። በማግስቱ ግን የባጃጆቹ ተራ አስከባሪ ሦስተኛ ሆና የተሰለፈችውን የልጅ ልጄን ወደ መጨረሻ ሰደዳት። ሰምቼ ሄድኩ።

«ምን አጠፋች?»

«ምንም። የእሷ ፈጣን ነው፣ እማማ። ኋላ ብትነሳም ትደርሳለች። ዘገምተኞቹ ይቅደሙ፤ ፍትሕ ነው።»

ፍትሕ ሲል ደሜ ፈላ። «የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ሦስት ከአራት እንደሚቀድም ለማወቅ ግን ይበቃኛል። ሞተሩ ያው የትናንቱ ነው።»

«ተሳፋሪውን ይጠይቁ» አለኝ።

አንድ ሽማግሌ ገና ባልተነሳው ባጃጇ ውስጥ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ጨምድደው «ቀስ በይ፣ ልጄ» ይሏታል።

ሰዓሊውን ፈልጌ ዘንጎቹን አሳልኩ። ጠዋት ተራ አስከባሪው ከኋላ ዞሮ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ይሄማ ቆሟል። የቆመ ባጃጅ ተራ አይይዝም፤ ጋራዥ ይሂድ።»

ጎረቤቶቼ ሥዕሉን አስፍቀሽ ተገላገይ አሉኝ። እንዴት ተደርጎ? ልጅቷ ያማረ ነገር ስለያዘች ነው የምትቀጣው? ሰዓሊውን እጁን ይዤ ወደ ሰልፉ ወሰድኩት። መጀመሪያ የእኛን ዘንጎች አጠፋ፤ ከዚያ የሌሎቹን ባጃጆች ጀርባ አንድ በአንድ ሳለ። ሾፌሮቹ አልተቃወሙም። ዘገምተኛ መባል ማን ይወዳል?

ሥራው ባለቀ ማግስት ባጃጆቹ በሙሉ ጭቃው ላይ ተሰልፈው እየበረሩ ቆመዋል። ተራ አስከባሪው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመላለሰ። አንድ ዘገምተኛ አጣ።

«እንግዲህ በአመጣጣቸው ይሁን» አለ እኔን ሳያየኝ።

ልጅቷ በአመጣጧ ሦስተኛ ነበረች፤ ሦስተኛ ሆና ጫነች። ሽማግሌው ገብተው ተቀመጡና ባርኔጣቸውን ያዙ።