የእትዬ ኦሌታ መዝጊያ
ሌባ ከብት ይሰርቃል፣ መኪና ይሰርቃል። እኔ ዊንፎርድ ግን በሃምሳ ዓመቴ የአንዲት አሮጊት ዘፈን ሰረቅኩ።

እትዬ ኦሌታ ፕሩት ሳምንቱን ሙሉ በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ለተማሪዎች ያበስላሉ። ቅዳሜና እሁድ ግን ከእኛ ከሙዚቀኞቹ ጋር በቴክሳስ የጭፈራ አዳራሾች እየዞሩ ይዘፍናሉ። በወጣትነታቸው አንድ ለስላሳ ዘፈን አስቀርጸው፣ ሬዲዮው አንድ በጋ ሙሉ ሲያጫውተው ከረመ። ሌላ የሚታወቅላቸው የለም። ዝግጅቱን ሁልጊዜ በሱ ነው የሚዘጉት፤ ባልና ሚስቱ ሁሉ ተቃቅፎ ሊጨፍር ይነሳል። እኛ ዘንድ ደግሞ ደንብ አለ፤ አንዱ የሚዘጋበትን ዘፈን ሌላው አይነካም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የመኪናቸው ጎማ ፈንድቶ ዘገዩ። የኔ የመዝፈን ተራ አልቋል። ሕዝቡ የኦሌታን ዘፈን ካልሰማን ይላል።

«ተው፣ ያንተ አይደለም» አለኝ ከበሮ መቺው ክሊተስ።

«ሰዉ እንዳይበተን ብዬ ነው» አልኩት። ውሸቴን ነው፤ ጭብጨባው አምሮኝ ነው። ዘፈንኩት። ወለሉ ሞላ፤ አንድ ሽማግሌ እንባውን ሲጠርግ አይቼ ጭራሽ ተኮፈስኩ።

እትዬ ኦሌታ እጃቸው በጎማ ጥላሸት ጠቁሮ እየተጣደፉ ገቡ። «ሰዉን አቆየህልኝ፣ ተባረክ» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። ግን ቫዮሊኔን ይዤ ከኋላቸው ቆምኩ።

በመጨረሻ «እንግዲህ የጠበቃችሁት» ብለው ጀመሩት። ማንም አልተነሳም። ከፊት ጫማዋን ያወለቀች ሴትዮ ለባሏ «ውይ፣ ይሄን እኮ ቅድም ጨፈርነው» አለችው። እትዬ ኦሌታ ዞረው አዩኝ። ዓይኔን ሰበርኩ። ባዶ ወለል ላይ እስከ መጨረሻው ዘፈኑት፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

መኪናቸው ጋ ተከትያቸው ሄድኩ።

«እትዬ፣ ሰዉ አስጨነቀኝና...»

«ሰዉማ ያስጨንቃል። ድምፅህን እስከ ላይ አውጥተህ ነው የዘፈንከው? እኔ ድሮ እንደማደርገው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እንደዚያማ ያምራል። እኔ አሁን አልደርስበትም።»

ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት በጠቆረው እጃቸው አስቆሙኝ።

«እሱን ተወው። ይልቅ ንገረኝ፣ ነገ በምን ልዝጋ?»