የጋሼ ወገብና የሚነጥሩት መኪኖች

የፎርሙላ ውድድር መኪኖች መንጠር በጀመሩበት ዓመት አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። ይህን የማስታውሰው ስለ መኪና አውቄ አይደለም፤ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ውድድሩን አይቶ ሳይጨርስ ቤተ ክርስቲያን ስለማይሄድ ነው። አውሮፓ የሚካሄደው ውድድር እኛ በምንኖርበት ሲያትል የሚታየው በማለዳ ነው። ነጠላዬን ለብሼ ልወስደው ስመጣ "አምስት ዙር ብቻ ቀረው" ይለኛል፤ እቀመጣለሁ።

መኪኖቹ ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ሲፈጥኑ ሆዳቸው አስፋልቱን እየመታ ይነጥራሉ። አንድ እሁድ አንዱ ሾፌር ወገቡን ይዞ እንደ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ከመኪናው ሲወርድ አየን። ክርክሩ ጦፈ። መኪናቸው የሚነጥርባቸው ቡድኖች ለደህንነት ሕግ ይውጣ አሉ፤ የማይነጥርባቸው በዓመቱ መሀል ሕግ አይነካም አሉ።

"መኪናውን ከፍ ያድርጉታ!" አለ ጋሼ። "ማን ከለከላቸው?"

"ከፍ ቢያደርጉትስ?"

"ፍጥነቱ ይቀንሳል።"

"ሶ፣ ለፍጥነት ብለው ወገባቸው ይሰበር?"

"አንቺ ደግሞ! የኛ ቡድን አይነጥርም። በነሱ ጥፋት ሕግ ሊቀየርብን ነው?"

"የኛ? አክሲዮን ገዛህ እንዴ?"

ሳቀ። ከሶፋው ሊነሳ ሲል ግን ሳቁ ቆመ። አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ልክ እንደዚያ ሾፌር ተነሳ።

"ጋሼ፣ ምን ሆነሃል?"

"ምንም። እግዚአብሔር ይመስገን።"

ጋሼ በየቀኑ ኤቨረት የምትባል ጎረቤት ከተማ ድረስ ዕቃ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። በማግስቱ ምሳውን ቤት ረስቶ መሄዱን ደውሎ ነግሮኝ ሥራ ቦታው ላደርስለት ስሄድ የሾፌሩ ወንበር ላይ ጋቢው አራት ታጥፎ ተነጥፎ አየሁ። ንጥረቱን የሚያበርደው የወንበሩ ሞላ ከሞተ ወራት አልፎታል። ድልድይ ባለፈ ቁጥር ብረቱ ከሥር ይመታዋል።

"ለአለቆችህ ለምን አትነግራቸውም?"

"ከነገርኳቸው መኪናውን ያቆሙታል። እስኪሠራ ቤት ልቀመጥ?"

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣሁ። ቀኝ እግሩ እንደሚጎተት ሳይ ለምኜ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። በዚያው ሰሞን የውድድሩ ሰዎች ውሳኔ ሰጥተው ነበር፦ ሾፌሩን መጠየቅ ሳይሆን መኪናው ላይ መለኪያ አድርገው ንጥረቱን መለካት። በዚህ ውሳኔ ጋሼ ሲበሳጭ ነበር የሰነበተው።

ሐኪሟ "ሕመሙ ከአስር ስንት ይሆናል?" አለችው።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁለት።"

እኛ ቤት እንዴት ነህ ላለ ሁሉ መልሱ ምስጋና ነው፤ አመመኝ ማለት ማማረር ይመስለናል። ሐኪሟ ግን "ሁለት" ብላ ልትጽፍ እጇን ኮምፒውተሩ ላይ አሳረፈች።

"ዶክተር፣ አይጠይቁት" አልኩ። "ይለኩት!"

ጋሼ ገላመጠኝ። እሷ ግን ገባት መሰለኝ፣ "በተረከዝዎ ይራመዱ" አለችው። ግራው ታዘዘ። የቀኙ ጣቶች አልነሳ አሉ። ስለተሰበረው ወንበርም ነገርኳት። የወገብዎ ነርቭ ተጭኗል፣ በዚህ ወንበር ከቀጠሉ እግርዎ ላይመለስ ይችላል አለችው። መኪናው ውስጥ ስንገባ አላየኝም።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ገባ። ሾፌሮች ከመውጣታቸው በፊት በሚሞሉት ወረቀት ላይ፣ ለወራት "ደህና" እያለ ምልክት ሲያደርግበት በኖረው የወንበር መስመር ላይ "ተሰብሯል" ብሎ ጻፈ። የመኪናውን ቁልፍ አስረከበ። ጋቢውን በፌስታል ይዞ በአውቶቡስ ወደ ቤቱ ተመለሰ።