አስራ አንድ ጓሮ የዞረች ቢላዋ

በእኛ ሰፈር፣ በሲዳማዋ ቱላ፣ እንሰት ሊፋቅ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠሩት እትዬ ካሰች ናቸው። ስልሳን ተሻግረዋል፤ እጃቸው ግን ገና ሃያ ዓመቱ ነው። አንዱን ጓሮ ሳይጨርሱ ከሌላው ሰው ይላክባቸዋል። «እኔ ያልፋቅሁት ቆጮ ሆድ ይነፋል» ይላሉ፤ እስካሁን የተከራከራቸው የለም። ልጆቻቸው ሁሉ አግብተው ከወጡ ወዲህ ሴትየዋ የሚኖሩት ለመጠራት ነው ብል አላጋነንኩም። ሳይጠሩ ሦስት ቀን ካለፈ «ምነው፣ ሰፈሩ ጾም ገባ?» እያሉ አጥር ለአጥር ይዞራሉ።

ቢላዋቸውን ለማንም አያውሱም፤ ውሃም አያስነኳትም። «ውሃ ስለቷን ይበላዋል» ባይ ናቸው። ለቆጮው መሸፈኛ የሚሆነውን ቅጠል ከቆመው እንሰት ላይ ቀጭ ቀጭ አድርገው ይቆርጡና ቢላዋዋን በቀሚሳቸው ጠረግ አድርገው መቀነታቸው ውስጥ ይሸጉጧታል። ከዚያ ወደ ቀጣዩ ጓሮ።

የማይጠራቸው አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ ከእኔ አጥር ጀርባ ያለው የወይዘሮ ደስታነሽ ቤት። ከአራት ዓመት በፊት ወይዘሮ ደስታነሽ አንድ ሠርግ ላይ፣ ሰው ፊት፣ የእትዬ ካሰችን ቆጮ ቀምሰው «ቃጫው ጥርሴ ውስጥ ገባ» አሉ። ለቆጮ ባለሙያ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። እትዬ ካሰች እዚያ ደጅ እግሬ አይረግጥም ብለው ማሉ፤ ወይዘሮ ደስታነሽም ማን ይለምናል ብለው ብቻቸውን መፋቅ ጀመሩ።

አምና ክረምቱ ሲወጣ የባለ ሱቁ የዩኑስ እንሰት መሃል ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ጠውልጎ ተንጠለጠለ። ከዚያ የእኔ ተከተለ፤ ከዚያ የጎረቤቴ የከበቡሽ። አንድ እንሰት እስኪደርስ አምስት ስድስት ዓመት ይፈጃል፤ የእኔዎቹን የተከሏቸው ደግሞ ነፍሳቸውን ይማርና አባቴ ናቸው። አንዱ አመድ በተነ፣ ሌላው ጸሎት አስያዘ። ዩኑስ ከሱቁ የተባይ ማጥፊያ ዱቄት አምጥቶ ነሰነሰ፤ ጉንዳኖቹ አለቁ፣ እንሰቱም አብሮ አለቀ።

አስራ አንድ ጓሮ ሲታመም የወይዘሮ ደስታነሽ ብቻ እንደለመለመ ቀረ።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አሉ እትዬ ካሰች። «የሷ ፍየል ናት። የኛን እየዞረች ትነክሳለች፣ የእመቤቷን አትነካም። አስተምራታለች!»

የሰለጠነች ፍየል! ዲግሪ አለኝ፣ ከተማችን ፒያሳ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ፤ አመንኩ። ጭራሽ ለቀበሌ የሚገባውን የክስ ደብዳቤ የጻፍኩት እኔው ነኝ። አስራ አንድ አባወራ ፈረመበት። ከዚያ ወዲያ ወይዘሮ ደስታነሽን መንገድ ላይ ሰላም የሚላቸው ጠፋ፤ ዕድር ላይም አጠገባቸው የሚቀመጥ አልተገኘም። አሁን ሳስበው አፍራለሁ፤ ያኔ ግን ፍትሕ መስሎኝ ነበር።

ቀበሌው ፖሊስ ይልካል ስንል ሄራን የምትባል የዕፅዋት ጤና ባለሙያ ላከ። ወጣት ናት፤ ቦቲ ጫማ አድርጋ በቀጥታ እኔ ጓሮ ገባች። እትዬ ካሰችም ፍየሏን በጣታቸው ሊያሳዩዋት ተከትለዋት መጡ። ሄራን ግን ፍየሏን ዞር ብላም አላየች። የታመመውን ቅጠል ከግንዱ ቆረጠች፤ ከቁስሉ ቢጫ ዝልግልግ ነገር ወጣ። ንጹሕ ውሃ በብርጭቆ ለመነችኝና ቁራጩን ነከረችው። ትንሽ ቆይቶ ከተቆረጠው በኩል ነጭ ክር የመሰለ ነገር ወደ ውሃው ይወርድ ጀመር።

«ወተት ነው እንዴ?» አሉ እትዬ ካሰች አጎንብሰው።

«ባክቴሪያ ነው፣ እማማ። በሽታው አጠውልግ ይባላል። በዓይን አይታዩም እንጂ እዚህች ክር ውስጥ ሚሊዮኖች አሉ።»

«ያመጣቻቸው ፍየሏ ናት አይደል?»

«የታመመ በልታ ጤነኛውን ከነከሰች እሷም ታስተላልፋለች። ግን እስቲ መጀመሪያ ቅደም ተከተሉን ይንገሩኝ። ማን ቤት ጀመረ?»

እትዬ ካሰች ቀን የሚቆጥሩት በፍቂያ ነው። «መጀመሪያ ዩኑስ ቤት ነው። የሱን ማክሰኞ ፋቅንለት፤ ሚስቱ አስማ ሻይ በቀረፋ አፍልታልን ነበር። ቀጥሎ ይሄ ማርቆስ» አሉ ወደ እኔ እየጠቆሙ፤ «የሱን ዓርብ ፋቅን። ሰኞ ከበቡሽ ቤት፣ እሮብ ደግሞ…» እሮብ ላይ ድምፃቸው ቀነሰ። ሁለት ቤት ጨመሩና ቆጠራውን ተዉት።

ሄራንም መጻፏን አቆመች። «ለመሸፈኛ የሚሆነው ቅጠል ከቆመው እንሰት በምን ነው የሚቆረጠው?»

እትዬ ካሰች ቢላዋዋን ከመቀነታቸው አውጥተው አገላብጠው አዩዋት። «እኔ ነኝ እንዴ?» አሉ። ቀጥለው በገዛ እጃቸው ጭናቸውን መቱ። «ለካስ ባጃጅ ሆኛለሁ! ሚሊዮን ሰው አሳፍሬ፣ ያውም በነፃ፣ ከደጅ ደጅ ሳደርስ ከርሜአለሁ!»

ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ፤ ወዲያው ግን ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ።

ሄራን መፍትሔውን ነገረችን፤ የሚረጭ መድኃኒት እንደሌለው ጭምር። የታመመው ከነሥሩ ተነቅሎ፣ ተከታትፎ በጥልቅ ይቀበር። ቢላዋ ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ከመሻገሩ በፊት እሳት ላይ ይጋል ወይም በረኪና ውስጥ ይነከር። ከብት ይታሰር። ቦታው ላይ ለጊዜው በቆሎና ጎመን ይዘራበት። «ከዚያ በኋላ ከጤነኛ ጓሮ ችግኝ ትወስዳላችሁ» አለች። ጤነኛው ጓሮ የማን እንደሆነ ሁለታችንም አልነገርናትም።

ስትሄድ እትዬ ካሰች ክንዴን ያዙኝ። «ማርቆስ፣ ይሄን ከተናገርኩ ከእንግዲህ ማን ይጠራኛል?»

«እንግዲያው ዝም ይበሉ» አልኳቸው። «የክስ ደብዳቤውን ከቀበሌ እኔ አስመልሳለሁ።» የዲግሪዬ ምክር ይኸው ነበር።

እሁድ ከሰዓት የሰፈሩ ሰው የፍየሏን ነገር ሊጨርስ ሸንጎ የሚቀመጥበት ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። በሲዳማ ደንብ አቤቱታ ያለው ሰው ተነስቶ «አፊኒ?» ይላል፤ ሰምታችኋል ወይ እንደማለት ነው። ከዚያ የበደለውን ሰው ይከሳል። እትዬ ካሰች ተነሱ።

«አፊኒ?»

«ተናገሪ» አለ ጉባኤው፤ ስለ ፍየሏ ነው ብሎ።

«ከሳሽም እኔ፣ ተከሳሽም እኔ ነኝ» አሉ። ከማክሰኞው የዩኑስ ቤት ጀምረው አንዱንም ሳያስቀሩ አስራ አንዱን ጓሮ ቆጠሩ። «የደስታነሽ የተረፈው እኔ ስላልገባሁበት ነው። ስሟን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።» ወይዘሮ ደስታነሽ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሦስት ሳምንት እትዬ ካሰች ከእኛ ጋር ሲነቅሉና ሲቀብሩ ሰነበቱ። ያልጠራቸውም ቤት ሄደው ቆፈሩ። ሥራው ሲያልቅ ግን «ግቡ፣ አረፍ በሉ» የሚላቸው አልነበረም። አካፋቸውን ተሸክመው ብቻቸውን ሲመለሱ እያየሁ አጥሬ ሥር ቆሜአለሁ፤ እኔም አልጠራኋቸውም።

ቅዳሜ ጠዋት ከአጥሬ ጀርባ ድምፅ ሰማሁ።

«ካሰች! አንቺ ካሰች!»

ወይዘሮ ደስታነሽ ናቸው። እትዬ ካሰች እየሮጡ መጡና በሩ ላይ ሲደርሱ ቀጥ አሉ።

«ሁለት እንሰት ደርሶልኛል፤ ወገቤ አልችል ብሏል» አሉ ወይዘሮ ደስታነሽ። «ለችግኝም ለጋዎቹን ለይቻለሁ። በዓመቱ የሚያወጡት ቡቃያ ለአስራ አንዱም ጓሮ ይበቃል። ፍሙ እዚያው ነው፤ ቢላሽን አግይና ግቢ።»

እትዬ ካሰች አልተንቀሳቀሱም። «አትፈሪኝም?»

«ሰው ሁሉ ሲሸሸኝ ከርሞ አንቺን ልፍራ? ግቢ እንጂ፣ ፍሙ ከሰለ።»