አንድ ጥላ ለአምስት ስለት

ሥራ የጀመርሁ ዕለት ናርዶስ ሁለተኛ ስልኳን ሰጠችኝና፣ "አንቺ አትታዪም፣ አትሰሚም። ኮሜንት ብቻ ነው የምትጠብቂው" አለችኝ። ደስ አለኝ። ከተመረቅሁ በኋላ ሥራ ሳላገኝ የቆየሁት ቃለ መጠይቅ ላይ ድምፄ እየጠፋ ስለሚያስቸግረኝ ነበር።

ናርዶስ በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ እየተዘዋወረች ላይቭ የምትገባ ልጅ ናት። የእኔ ማዕረግ ሞደሬተር ይባላል። ተሳዳቢውን አግዳለሁ፤ አዲስ የገባውን ሰው ስም እነግራታለሁ፤ ጊፍት የላከውን ሳታመሰግን እንዳታልፍ አስታውሳታለሁ። ተመልካቹ በገንዘቡ ኮይን ይገዛል፤ በኮይኑ አበባ ወይም አንበሳ ይልካል። መተግበሪያው የራሱን ድርሻ ይቆርጣል፤ የቀረው ለናርዶስ ይደርሳል፤ ከእሷ ደግሞ ለእኔ። ከሁላችን በላይ ኤጀንሲ አለ። ማናጀራችን ሄኖክ አዲስ አበባ ተቀምጦ ሰዓት ይቆጥራል። ናርዶስ በወሩ የታዘዘላትን ሰዓት ላይቭ ካልሠራች ጉርሻዋ ይቀራል።

ፎቶ የሌለው አንድ አካውንት ነበር። ላይቩ ሲቀዘቅዝ ይገባና አንበሳ ይልካል፤ አንዲት ቃል አይጽፍም። ያን ጊዜ ሌሎቹ እልህ ይዟቸው ይከተላሉ።

"ይህ ሰው ማን ነው?" አልኋት አንድ ቀን።

"አዝማሪ ቤት መጀመሪያ ግንባር ላይ ብር የሚለጥፈው ማን ይመስልሻል? የቤቱ ሰው ነዋ!" ብላ ሳቀች።

ሄኖክ ራሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንበሳ በመጣ ቁጥር ከጀርባው ማን እንዳለ ሳላስብ ማለፍ አቃተኝ።

አንድ ጠዋት ከጀልባ ላይ ሆነን ደሴቶቹን እያሳየን ሳለ ሰናይት የምትባል ልጅ ኮሜንት ጻፈች። የመራዊ ልጅ ናት፤ ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። "እዚያ ደሴት ላይ ላለው ቤተ ክርስቲያን ጥላ ተስያለሁ። ወንድሜ ከሕመሙ ድኗል። እኔ መምጫ የለኝም፤ ስለቴን ሳላደርስ መቆየት ያስፈራኛል። ታደርሱልኛላችሁ?"

ናርዶስ ጮክ ብላ አነበበችው። "ቤተሰብ፣ የሰናይትን ጥላ እናደርሳለን! ላኪልኝ እህቴ!"

ሰናይት የጥላውን ዋጋ በጊፍት ላከች። ወዲያው ሌሎች አራት ሰዎች እኛም ስለት አለብን እያሉ ለየራሳቸው ጥላ መግዣ ላኩ። ተመልካቹ እንደዚያ ቀን በዝቶ አያውቅም። ጀልባዋ ዳር ሳትደርስ ሄኖክ ደወለ። ናርዶስ ድምፁን ከፍታው ስለነበር እኔም ሰማሁ።

"አንድ ጥላ ግዙ" አለ።

"ሰዎቹ አምስት ናቸው እኮ" አለች ናርዶስ።

"አምስቱም የሚያዩት አንድ ጥላ ነው። ደሴቱ ሴት አያስገባም ብለሽኝ የለ? ከጀልባ መውረጃው ላይ ዘርግተሽ ታሳያለሽ። ባለጀልባው ይዞት ዳገቱን ይወጣል። ላይቩ ሲዘጋ ይዞት ይወርዳል። በሳምንቱ ለሌሎች እናሳየዋለን።"

"ስለት እኮ ነው" አልሁ።

"ማናት እሷ?"

"ሞደሬተሯ።"

"ኮሜንቷን ትጠብቅ።"

ናርዶስ አላየችኝም። "የቤት ኪራይ አለብኝ" ብቻ አለች።

ጥላውን እንድገዛ የተላክሁት እኔ ነኝ። የንዋየ ቅድሳት ነጋዴዋ ወደ የትኛው ደሴት እንደሚሄድ ጠየቀችኝ። ስነግራት፣ "የዚያ ገበዝ የባለ ስለቱን ክርስትና ስም ሳይጠይቁ አይቀበሉም፤ ይዘሽ ሂጂ" አለችኝ።

ጥላው አንድ ስለሆነ መጀመሪያ ለጠየቀችን ለሰናይት በግል ጻፍሁላት። መልሷ ፈጥኖ መጣ።

"ክርስትና ስሜን ምን ልታደርጊበት? መተት ልታሠሪብኝ ነው?"

አልተቀየምኋትም። እኔም ብሆን ለማላውቀው ሰው አልሰጥም። ገበዙ እንደሚጠይቁ አስረዳኋት።

"እንግዲያው መጀመሪያ የራስሽን ንገሪኝ" አለች።

ነገርኋት። በማግሥቱ ስሟን ላከችልኝና ከሥሩ፣ "ላይቭ ላይ ከጠራሽው አልምርሽም" ብላ ጻፈች። እዚህም አልጽፈውም።

የምንሄድ ቀን ናርዶስ መብራትና ማይክ ስታስተካክል ባለጀልባውን ጋሽ ይርጋን ጠጋ አልሁት። እሷ ምን እንዳዘዘችው አውቃለሁ፤ እሱ ምን እንደመለሰላት ግን አላውቅም።

"ጋሼ፣ ገበዙ ወደ መውረጃው እንዲወርዱ ይደውሉልኝ" አልሁት።

ከላይ እስከ ታች አየኝ። "አንቺ ደግሞ ለማን ነው የምትሠሪ?" አለና ሞተሩን አስነሣ። ደውሎ ይሁን አይሁን ሳላውቅ ተሻገርን።

መውረጃው ላይ ናርዶስ ላይቩን ከፍታ ጥላውን ዘረጋችው። ዘርፉ በነፋስ ይወዛወዝ ጀመር፤ ኮሜንቱ በእልልታ ተሞላ። ጋሽ ይርጋ ጥላውን ሊቀበል እጁን ከመዘርጋቱ ገበዙ በዳገቱ ወረዱ። ሽማግሌ ናቸው፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው ካሜራው ፊት ቆሙ።

"የማን ስለት ነው?"

"የተመልካቾቻችን ሁሉ ነው፣ አባ" አለች ናርዶስ ፈገግ ብላ።

"ሁሉ የሚባል ክርስትና ስም አላውቅም።"

ኮሜንቱ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ፣ "እውነት የማን ነው?" ማለት ጀመረ። ፎቶ የሌለው አካውንት አንበሳ ላከ። ማንም አልተከተለውም።

ናርዶስ ዞር ብላ አየችኝ። ስሙን ጮክ ብዬ መናገር አልችልም፤ አደራ አለብኝ። ስልኬን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ካሜራው ውስጥ ገባሁ። ገበዙ ጎንበስ አሉልኝ፤ ስሙን በጆሯቸው ነገርኋቸው።

"ሌላ አለ?"

"በእጄ ያለ ስም አንድ ነው፣ አባ።"

"አንድ ስም፣ አንድ ጥላ" አሉና ጥላውን ራሳቸው ይዘው ወጡ፤ በቤተ ክርስቲያኑ በር እስኪገቡ ከታች ሆኜ አየኋቸው። ጋሽ ይርጋ ወደ ጀልባው ተመልሶ ገመዱን መፍታት ጀመረ።

አራቱ ሰዎች "የእኔስ?" እያሉ መጻፍ ጀመሩ። ሌላውም ተመልካች አብሯቸው ጠየቀ። ናርዶስ ላይቩን ዘጋችው።

"አረድሽኝ" አለችኝ ጀልባ ላይ። "አሁን አራት ጥላ ከየት ነው የማመጣው?"

"ከአንበሶቹ ነዋ!" አለ ጋሽ ይርጋ፣ ፊቱን ሳያዞር።

ሄኖክ በዚያው ሳምንት ከኤጀንሲው አስወጣን። ናርዶስ ከአራቱ ለሁለቱ ጥላ ገዝታ በየስማቸው አስገባች። የቀሩትን የሁለቱን ገና አላደረሰችም፤ ሰዎቹ ላይቭ በገባች ቁጥር እየመጡ ይሰድቧታል። እኔን አሰናብታ ሌላ ሞደሬተር ቀጥራለች።

ሰናይት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ "ስሜ ተጠራ?"

"አልሰማሁም፤ ሴት አትገባም። ጥላውን ይዘው በበሩ ሲገቡ ግን በዓይኔ አይቻለሁ።"

"ካየሽማ ይበቃኛል" አለች።

አሁን ልብስ በላይቭ ለሚሸጡ ሁለት ነጋዴዎች ኮሜንት እጠብቃለሁ። ስለትና ምጽዋት በጊፍት ተቀበሉልን የሚል ሲመጣ የቤተ ክርስቲያኑን ሰው ስልክ እሰጠዋለሁ። ጊፍት ላይቭ ለገባው ሰው የሚከፈል ደመወዝ ነው። አደራ ያለበት ገንዘብ በዚያ መንገድ አይላክም።